የሙጫ የወገብ ልኬት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም መሃል ላይ ቆመሽ ጎረቤት የምታነጋግሪ መስለሽ ታርፊያለሽ? ዓይንሽ መነጽሩን ለመደው ወይስ ግንባርሽ ላይ ሰቅለሽው ቤት ምድሩን ስትፈልጊው ትውያለሽ? ባለቤትሽ ጋሼ ያንን ትልቅ መኪናቸውን እያሽከረከሩ በሰላም ወጥተው በሰላም ይገባሉ? ልጆቹስ አድገው ቁመትሽን አለፉሽ? ሳልጠይቅሽ ያለፍኩት ካለ እንደተጠየቀ ቁጠሪልኝ፤ ሁላችሁንም ቀን በቀን ሳስባችሁ ነው የከረምኩት።

እኛ አለን። ልጅቷም አለች። ይህን መጀመሪያ የጻፍኩልሽ የቀረውን ስታነቢ ልብሽ ቀጥ እንዳይል ነው። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። «እህት እንዳለህ ረሳህ ወይስ አገሩ ላይ ብዕር ጠፋ» ብለሽ የተቆጣሽበትን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ባለቤቴ ከቤት የልጅቷን ልብስ ልታመጣ ሄዳ አብራ ይዛው መጣች። ያን ቀን ከዚህም በላይ ብትሰድቢኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ድምፅሽን የሰማሁ ያህል ሆነልኝ። አሁን ቤት ከገባን ሦስት ሳምንት ሆነን፤ ድንጋጤው ግን ከሰውነቴ አልወጣም። ክር መርፌ ውስጥ ላስገባ ስል እጄ ድርቅ ይልብኛል። ስለዚህ ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢል ይቅር በይኝ።

ሙጫን ያየሻት ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላት ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያለውን ልንገርሽ። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኦቲዝም እንዳለባት የተነገረን በአራት ዓመቷ ነው፤ አትናገርም፣ ጫጫታ አትወድም፣ የማታውቀው ሰው ሲነካት ትጮኻለች፣ የምትወደውን ሰው ደግሞ አትለቅም። ሙጫ ያልኳትም እግሬ ላይ ተጣብቃ ስለምትውል ነው። እናቷ መጀመሪያ ስሙን ጠልታው ነበር፤ አሁን እሷ ራሷ በሌላ ስም አትጠራትም። እናቷ አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ስትቆርጥ ስለምትውል፣ ልጅቷ እኩለ ቀን ላይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከእኔ ጋር ነበረች። ስፌት ቤቴ እንደምታውቂው የቤታችን የፊተኛው ክፍል ነው። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ምንጣፍ አንጥፌ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ ቁራጭ ጨርቅና የክር ጫፍ ሰጥቻት ነበር። እዚያ ገብታ ክሩን ጣቷ ላይ ስትጠመጥም፣ ስትፈታ፣ የስፌት መኪናዬ ሲንኳኳ አብራ ስታንጎራጉር ትውላለች። ሌላ ቦታ አምስት ደቂቃ የማትቀመጥ ልጅ እዚያ ግማሽ ቀን ትቀመጣለች። ደንበኛ ሲገረም እኔ እኮራ ነበር። ሌላው ልጁን በቴሌቪዥን ያሳድጋል፣ እኔ በቁራጭ ጨርቅ እል ነበር። ያን አፌን ዛሬ ብሰፋው ደስ ባለኝ።

ነገሩ የጀመረው አምና፣ ትምህርት ከተከፈተ ጥቂት ወራት ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ምግብ ቀነሰች። ሁለት ማንኪያ ሾርባ ቀምሳ አፏን ግጥም ታደርጋለች። ቀጥሎ ማስመለስ መጣ፤ የአፏ ሽታ ተለወጠ፤ ፊቷ ነጭ ወረቀት መሰለ። ቀን ተኝታ የማታውቅ ልጅ ጠረጴዛው ሥር እንቅልፍ ይጥላት ጀመር። ደግሞም አዲስ ነገር አመጣች፤ ሥራ ላይ እያለሁ ትመጣና እጄን ይዛ ወገቧ ላይ፣ ከጎድን አጥንቷ ዝቅ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። አስቀምጣም አትተወውም፣ በሁለት እጇ ትጫነዋለች።

እኔ ምን አሰብኩ መሰለሽ? ቀሚሱ ነው አልኩ። መምህርቷ እንዲህ ያሉ ልጆችን የስፌት መስመር፣ ላስቲክ፣ አንገት ላይ የሚለጠፍ ምልክት እንደሚቆረቁራቸው ነግራን ነበር፤ እውነቷንም ነው፣ ሙጫ በሱፍ ሹራብ የተነሳ አንድ ቀን ሙሉ ስታለቅስ ውላ ታውቃለች። ታዲያ እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁም? መድኃኒቱ በእጄ ነው ብዬ ዘለልኩ። ላስቲኩን አወጣሁ። ስፌቱን ገልብጬ ወደ ውጭ አዞርኩት። ገበሩን በስስ ጥጥ ለወጥኩት። እሷ አሁንም እጄን ይዛ ወገቧ ላይ። ተረተርኩና አሰፋሁት። አሁንም እጄን። በመጨረሻ ወገብ የሚባል ነገር የሌለው፣ ከትከሻ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሰባት ቀሚስ ሰፋሁላት፣ ለየቀኑ አንድ አንድ። ባለቤቴ ለልጅ የአሮጊት ቀሚስ ሰፋህላት ብላ ሳቀችብኝ። ሙጫ ሰባቱንም በየተራ ለበሰች፤ እጄን መያዟን ግን አልተወችም።

ሐኪም ቤት አልሄዳችሁም ወይ እንዳትዪኝ። የመጀመሪያው ሐኪም ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ምግብ ይመርጣሉ፣ ሲያድጉ ይተዋቸዋል ብሎ ሸኘን። ሁለተኛው የትል መድኃኒት አዘዘ፤ ጨረሰችው፣ ምንም አልተለወጠም። ሦስተኛው ስሙ የተከበረ፣ ሰው ወር ሙሉ ወረፋ የሚጠብቀው፣ ከሰፊ ጠረጴዛ ጀርባ የሚቀመጥ ነው። ገና ከበሩ ስንገባ ሙጫ ጮኸች፣ ጆሮዋን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እሱ ከወንበሩ አልተነሳም። እኔ ስለ ማስመለሷ ስነግረው እሱ ስለ ጠባይዋ ይጠይቀኛል፤ እኔ ሆዷ ስል እሱ አእምሮዋ ይለኛል። የሚያረጋጋ መድኃኒት ጻፈልን። በመድኃኒቱ ልጅቷ ፈዝዛ ለሃጯ ሲዝረከረክ ትውል ጀመር፤ ጩኸቱ ቀነሰ፣ ማስመለሱ ግን እንዳለ ነው። ደሟ ይታይልን ብንል፣ አትረጋም፣ አራት ሰው ሊይዛት ነው፣ ለምን ታስጨንቋታላችሁ አሉን። እኛም አዘንንላትና ተስማማን። ስንወጣ ባለቤቴ ደረጃው ላይ ቆም ብላ «ያየው ወረቀቷን ነው፤ እሷን አላያትም» አለችኝ። እኔ ግን ሐኪም ነው፣ ከእኛ የተሻለ ያውቃል ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

አሁን የምጽፍልሽን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያን ሰሞን ምግብ እምቢ አለች ብዬ ብጽፍልሽ፣ በመለስሽልኝ ደብዳቤ አሞላቃችኋታል፣ ሲርባት ትበላለች፣ ጨከን በሉ ብለሽ ነበር። ደንበኛውም ይህንኑ ይለኛል፣ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩም ይህንኑ ይለኛል። አንድ ቅዳሜ ጨከንኩ። እንቁላል ቀቅዬ፣ በሹካ አድቅቄ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጫት አገጯን ይዤ አፏ ውስጥ ከተትኩ። ተፋችው። ደገምኩ። ተፋችው። በሦስተኛው በጥፊ መታኋት። እታለም፣ ያቺን ልጅ መታኋት። አላለቀሰችም። ያንኑ የመታኋትን እጅ ይዛ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው፤ እኔ መንጭቄ ተነሳሁ። ይህን የምነግርሽ ምክርሽን ልወቅስ አይደለም፤ ምክሩ ያንቺ ቢሆን እጁ የእኔ ነው። አንቺ ልጅቷን በዓይንሽ አላየሽም፣ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሳያት ነበር የምውለው። አንድ ሰው ማወቅ ስላለበት፣ ያም አንቺ እንድትሆኚ ስለፈለግሁ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው የደንብ ልብሷን ልሰፋላት አሰብኩ። እኔን ሙያ ያስተማረኝ ሽማግሌ አንድ ሥርዓት ነበረው። የቆየ ደንበኛ ስትለካ የድሮውን ቁጥር አትይ፤ ደብተሩን ዝጋ፣ እንደ አዲስ ሰው ለክተህ ጻፍ፣ ከዚያ አስተያይ፤ አለዚያ እጅህ የሚያውቀውን ቁጥር ነው የሚለካልህ ይለኝ ነበር። ሙጫንም ከልጅነቷ ጀምሮ በዚያው በደንበኞቼ ደብተር ጽፌያታለሁ፤ በየዓመቱ፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት። በሰባቱ ቀሚሶች ጊዜ ግን አለካኋትም። የገዛ ልጄ ናት ብዬ በዓይኔ ገምቼ፣ ሰፋ ሰፋ አድርጌ ነበር የቆረጥኩት። ለሌላ ሰው ልጅ እንዲህ አላደርግም ነበር።

ሜትሩን ወገቧ ላይ ሳዞር አልተንቀሳቀሰችም። ሌላ ጊዜ የሜትሩን ቁጥሮች ለማየት ስትል እንደ ዓሣ ነበር ከእጄ የምትሾልከው። ሜትሩ ከግራ ጎድኗ ሥር ሲደርስ አንድ ጠንካራ ነገር ላይ ወጣ። በጣቴ ነካሁት። እንደ ደረቀ ዳቦ ጠጥሯል። አጥንት ይሆናል ብዬ በቀኝ በኩል ፈለግሁት፤ በቀኝ የለም። ቁጥሮቹን ጻፍኩና የአምናውን ገጽ ገለጥኩ። ትከሻ፣ ያው ነው። የክንድ ዙሪያ፣ አሥራ ሰባት ሳንቲ ሜትር የነበረው አሥራ አራት ሆኗል። ወገብ፣ ሃምሳ አራት የነበረው ስልሳ አንድ ገብቷል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ስለካ ኖሬያለሁ፤ ክንዱ እየሟሸሸ ወገቡ የጨመረ ልኬት የጻፍኩት ለሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ለነፍሰ ጡርና ለዚያ በጉበት ሕመም ለሞተው የባንክ ዘበኛ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሙጫ መጣችና እጄን ያዘች። ያኔ ገባኝ። ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ ስትነግረኝ ነው የከረመችው፤ እኔ ቀሚስ ስተረትር።

ቤቱን ሳልዘጋ፣ እሷን ታቅፌ፣ ደብተሩን ብብቴ ሥር ወትፌ ወጣሁ። አውቶቡስ ጣቢያ ስደርስ ባለቤቴ ትኬት መስኮቷ ላይ ነበረች፤ ፊቴን ስታይ፣ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየጮኸባት መስኮቱን ዘጋችው። ትልቁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ሰው ኦቲዝም የሚለውን ቃል ሲሰማ ብዕሩን አነሳና ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል የሚልክ ወረቀት መጻፍ ጀመረ። ባለቤቴ ወረቀቱ ላይ መዳፏን ዘረጋችበት። «ልጄን ያመማት ሆዷን ነው» አለችው፣ በጣም በቀስታ። ያን ድምፅዋን እኔ አውቀዋለሁ፤ ከጩኸት ይብሳል። ሰውየውም ሳያውቀው አልቀረም፣ ብዕሩን አስቀመጠ።

በዚህ መሃል አንዲት ወጣት ሐኪም መጣች። ሙጫ ከሐኪሟ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ማዳመጫ ስታይ መጮህ ጀመረች። እኔ ደብተሩን ዘርግቼ ሰጠኋት። ቆማ አነበበች። ይህ ረድፍ ምንድን ነው አለችኝ፤ ክንድ ነው አልኳት። ይሄኛውስ፤ ወገብ። ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች፣ ደግሞ ገለጠች፣ ልጅቷ አራት ዓመቷ እስከነበረበት ድረስ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቃ ለነርሷ ሰጠችና ሜትሩን ይዤው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሜትር ከአንገቴ ወርዶ አያውቅ፤ ያን ቀንም እዚያው ተንጠልጥሏል፣ እኔ ነኝ የረሳሁት። እንዴት እንደሚለካ አሳዩኝ አለችኝ። ሙጫ ሜትር ታውቃለች፤ ዝም ብላ ቆመችላት። ሐኪሟ ሜትሩን እያዞረች መዳፏን በሥሩ አስገብታ ሆዷን ዳበሰች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። በዚያ ሁሉ በር ስንንከራተት ያንን ሆድ በእጁ የነካ የመጀመሪያው ሐኪም እሷ ናት።

አልትራሳውንድ አነሱ፤ የታየው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። በማግስቱ ጠዋት አደንዝዘው ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በጉሮሮዋ አስገቡ። እኛ ኮሪደሩ ላይ ነበርን፤ ባለቤቴ የመሥሪያ ቤቷን ደንብ ልብስ እንደለበሰች፣ እኔ ደረቴ ላይ መርፌ እንደሰካሁ። ሐኪሟ ወጣችና አጠገባችን ተቀመጠች። መቀመጧ አስፈራኝ፤ ደህና ነገር የሚናገር ሰው ቆሞ ተናግሮ ነው የሚሄደው። «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ አልኳት።  «ጨጓራዋን የሞላው ክር ነው» አለች።

ደሜ ደረቀ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔ የደረቀው ጆሮዬ ነው። ሐኪሟ ከዚያ በኋላ ብዙ ተናግራለች፣ አፏ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ አንዱም ቃል አልገባኝም። ባለቤቴ ናት ኋላ የነገረችኝ። በአፍ የሚወጣ እንዳልሆነ፣ ሆዷ ተቀድዶ መውጣት እንዳለበት፣ ትንሽ ቢቆይ ጨጓራዋን ሊበሳው ይችል እንደነበር። እኔ የሰማሁት ክር የሚለውን ብቻ ነው። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝና ፊቷን መለሰች።

ቀዶ ጥገናው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ቀዶ ሐኪሙ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲወጣ በሕይወት አለች፣ ደህና ናት አለና፣ የወጣውን ማየት እንፈልግ እንደሆነ ጠየቀን። ባለቤቴ አልፈልግም ብላ ራሷን ነቀነቀች። እኔ አየሁት። የብረት ሳህን ላይ፣ የጨጓራዋን ቅርጽ ይዞ የጠጠረ፣ ከጡጫዬ የሚተልቅ ጥቅል። ለእሱ ክር ብቻ ነው። እኔ ግን ሥራዬን አወቅሁት። ጠቁሮና ጨቅይቶም ቢሆን ቀለሙ አልጠፋኝም። ከላይ ያለው ሰማያዊ ዘንድሮ የጀመርኩት የተማሪዎች ደንብ ልብስ ነው። ከሥሩ ያለው ጥቁር ቀይ የሆቴል አስተናጋጆቹ ሰደርያ። ነጩ የነርሶች ጋዋን፤ ምናልባት ሳህኑን ይዛልኝ የቆመችው ነርስ የለበሰችው ራሱ። ከታች የቀረው አረንጓዴ የእግር ኳስ ቡድኑ ቁምጣ ነው፤ ያንን ከሰፋሁት ሁለት ዓመት አልፎታል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሁት በየተራው ልጄ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። 

እንዴት ዋጠችው ብለው ጠየቁን። እኔ አውቄዋለሁ፣ አንቺም አሁን ታውቂዋለሽ። ክር ወደ መርፌ ሳስገባ ጫፉን በምላሴ አርሳለሁ፤ ስጨርስ በጥርሴ እበጥሰዋለሁ፣ መቀስ አጠገቤ ተቀምጦ እንኳ። ጥርስህ ያልቃል ብለሽ ስንት ጊዜ ተቆጥተሽኛል። ሙጫ ጠረጴዛው ሥር ሆና ይህን በቀን መቶ ጊዜ ስታይ ነው ያደገችው። ክር ወደ አፏ ስታመጣ፣ በፊት ጥርሷ ስትበጥስ አይቻታለሁ። ሙያዬን ወረሰችው ብዬ ለደንበኛ ሁሉ አውርቻለሁ። የበጠስኩትን ጫፍ ግን እኔ እተፋዋለሁ፤ የምተፋው በሌላ በኩል ወዳለው ቅርጫት ነው። እሷ ከተቀመጠችበት ያ ቅርጫት አይታይም። ማስገባቱን አሳየኋት፣ መትፋቱን አላሳየኋትም።

ባለቤቴ አራት ቀን አላናገረችኝም። ከአልጋው በዚያ በኩል እሷ፣ በዚህ በኩል እኔ፣ መሃላችን ላይ ልጅቷ በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶላት። በአምስተኛው ቀን ፎጣ እያጠፈች፣ ሳታየኝ፣ «አንተን ብቻ አይደለም የምቆጣው» አለች። «ጥርሷን ሳጥባት ክር ከመሃሉ መዝዤ አውጥቻለሁ፤ አንድ ቀን ብቻም አይደለም። የአባቷ ልጅ ብዬ ሳቅሁ።» ተቃቅፈን አለቀስን አልልሽም። የፎጣውን አንድ ጫፍ ያዝኩላትና አብረን አጠፍን፤ ከዚያ ሌላውን።

ሁለተኛው ድንጋጤ የመጣው ከደም ምርመራው ነው። ሐኪሟ በደሟ ውስጥ ያለው አይረን፣ ደም የሚሠራበት ንጥረ ነገር፣ ከሚገባው በጣም ያነሰ ነው አለችን። አይረን ያነሰው ሰው ኦቲዝም ኖረበትም አልኖረበትም አንዳንድ ጊዜ ምግብ ያልሆነ ነገር ያምረዋል፤ አንዱን አፈር፣ አንዱን በረዶ፣ አንዱን ወረቀት። ባለቤቴ ያን ጊዜ ጠየቀች። የቱ ቀደመ? ደሟ አንሶ ነው ክር ያማራት ወይስ ክሩ ምግብ ከልክሏት ነው ደሟ ያነሰው? ዓመት ሙሉ በየበሩ ይዘነው የዞርነው ጥያቄ እዚያ ላይ ተጠቀለለ። ሐኪሟ የማታውቀውን አውቃለሁ አላለችም። «የቱ እንደቀደመ ልነግራችሁ አልችልም፤ አንዱ ሌላውን ሲያባብስ ቆይቷል። አንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ጠባይ አልነበረም። ታማ ነው» አለች። ባለቤቴ ስለ ክሩ ስትሰማ ያላለቀሰችው ያኔ አለቀሰች። ሙጫ ባታወራም ታማ ነው ብሎ የተናገረላት ሰው ተገኘ። እኔን ደግሞ ያደነዘዘኝ ሌላ ነው። አራት ሰው ይይዛታል የተባለችውን ልጅ ነርሷ ብቻዋን ነው ደም የቀዳቻት፤ እኔ ሜትሬን በሌላው ክንዷ ላይ ጠምጥሜላት፣ እሷ ቁጥሮቹን ስታይ አለቀ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ያን አንድ ደቂቃ ነው ዓመት ሙሉ የተነፈገችው፣ እኛም ለእሷ ያዘንን መስሎን አብረን የነፈግናት።

አሁን እንዴት ናችሁ በይኝ። የፊተኛው ክፍል ባዶ ነው። መኪናዬንም ጠረጴዛዬንም ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ ቤት ወስጃለሁ፤ ያ ጨክን ሲለኝ የነበረው ሰው፣ ነገሩን ሲሰማ የሱቁን ግማሽ በመጋረጃ ከፍሎ ለቀቀልኝ። እሱ በዚያ በኩል ፀጉር ይቆርጣል፣ እኔ በዚህ በኩል ጨርቅ፤ ባለፈው አንድ ሽማግሌ በስህተት እኔ ጋ ገብተው አንገታቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፣ እኔም የኮሌታቸውን ልኬት ወሰድኩላቸው። ሥራ ስጨርስ ደጅ ቆሜ ልብሴን በብሩሽ አራግፌ፣ ኪሴን ገልብጬ ነው ቤት የምገባው። ባለቤቴ ፈረቃዋን ወደ ጠዋት አስለውጣለች፤ ከእኩለ ቀን በኋላ ከልጅቷ ጋር ትውላለች። ክሩን በእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ተክተንላታል፤ የወንበር ጠርዝ ላይ ትደረድራቸዋለች። ነገሩ ግን ገና አልተፈታም፤ ባለፈው ሳምንት የብርድ ልብሱን ጠርዝ ስትመዝ ደርሼባታለሁ። አይረኑ እስኪሞላ ወራት ይፈጃል፣ ዓይናችሁን አትንቀሉ ተብለናል፤ ከሦስት ወር በኋላም ትታያለች።

አንጀቴን የሚበላኝ ግን ይህ ነው፤ ሙጫ ጠረጴዛው የነበረበት ቦታ ሄዳ ባዶው ወለል ላይ ትቀመጣለች። መኪናው ሲንኳኳ የምትጠብቅ ይመስለኛል። ስለ ጥፊውም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ፊት ለፊቷ ተንበርክኬ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር። ገባት አልገባት እንጃ። አንድ መቆንጠጫ አነሳችና ጣቴ ላይ ሰካችው። አመመኝ፤ አላወጣሁትም።

ትበላለች ግን። ትናንት የራሷን ሩዝ ጨርሳ የእናቷን ሳህን ወደ ራሷ ጎተተች። ሁለታችን ማንኪያችንን አንጠልጥለን ስናያት የእኛ ቀዘቀዘ። የታዘዘላት የአይረን ሽሮፕ ጥርሷን አጥቁሮታል። ክንዷ አሥራ አምስት ገብቷል።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጋሼን ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም እንዳልኳቸው ንገሪያቸው፤ መንገድ ላይ አይቸኩሉ። ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዳለፈች ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ አጎትሽ ኮራብሽ በያት። መንትዮቹን አንዱን ከአንዱ ሳትለዪ እኩል ሳሚልኝ፤ እኔ መቼም የትኛው የትኛው እንደሆነ አላውቅም። አብራችሁ የምትኖረውን የጋሼን የእህት ልጅ ሥራዋ እንዲቃናላት እመኛለሁ በያት። ባለቤቴ ሁላችሁንም እጅ ነስታለች።

የጋሼን እናት እማማን መጨረሻ ላይ ያደረግኳቸው ረስቻቸው አይደለም። አንደበታቸው ከተያዘ ወዲህ መናገር እንዳቃታቸው አውቃለሁ። በዚያ በቁጣ በጻፍሽልኝ ደብዳቤ ግርጌ ላይ፣ እማማ እልኸኛ ሆነዋል፣ ማንኪያ ስናቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ሳህኑንም ገፍተው ጣሉት፣ እርጅና ነው ብለሻል። ኮሪደሩ ላይ ሳነበው አልፌው ነበር። ዛሬ ልመልስልሽ ተቀምጬ ደግሜ ሳነበው ብዕሬ ከእጄ ወደቀ። እታለም፣ ደብዳቤውን እዚህ ላይ አስቀምጪው፤ ሰላምታውን ኋላ ታደርሺዋለሽ። አሁን ተነሺና አፋቸውን አስከፍተሽ እዪ፤ ጥርሳቸውን፣ ድዳቸውን፣ ጉሮሯቸውን። ሆዳቸውን ዳብሺ። ከዚያ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። እርጅና ነው ካሉሽ፣ አንድ ሰው ተነስቶ በእጁ እስኪነካቸው ድረስ ከክፍሉ አትውጪ።

ታናሽ ወንድምሽ ሰፊው

ከፀጉር አስተካካዩ መጋረጃ ጀርባ
ጥቅምት 12 ቀን፣ ሐሙስ